አሳምራ ያነሳችው ቁስል

ሰፈርተኛው «አስዋቢ» እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ማን እንዳወጣላት በውል አይታወቅም። አንዳንዱ የገዛ ወንድሟ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በአፍንጫዋ ሲሾፍባት ያደገች አንዲት ሙሽራ ናት ይላል። ሙሽራይቱ የሠርጓን ፎቶ ስታይ «ይቺ እኔ ነኝ?» ብላ ጮኸችና አልበሙን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች አሉ። ያም ሆነ ይህ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ፤ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ዛሬ ከባሏና ከወንድሟ በቀር የሚያስታውስ የለም።

ፎቶ ማንሳት ማንም አላስተማራትም። ፎቶ ቤቱ የታላቅ ወንድሟ ነበር። እሱ ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቶ በወጉ የተማረ፣ የምስክር ወረቀቱንም በመስተዋት አሳስሮ ከመግቢያው ፊት ለፊት የሰቀለ ሰው ነው። እሷ ከትምህርት ቤት መልስ ወለል ልትጠርግና የደረቁ ፎቶዎችን ጠርዝ ጠርዛቸውን ልትከረክም ነበር የምትመጣው። አንድ ቀን ወንድሟ ምሳ ሊበላ ወጣ እንዳለ፣ አንድ የቸኮለ ሰውዬ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ገባ። «ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቁ» ብትለው «አንቺ አንሺኝና ልሂድበት» አላት። ወንበሩን ትንሽ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ካሜራው ላይ ያሉትን ቀለበቶች ደስ እስኪላት ድረስ አሽከረከረችና ተጫነችው። ሰውየው ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ እዚያው ቆሞ ብዙ አየውና፣ ለእናቱ የሚሰጠው ትልቅ ቅጂ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ሁሉ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ልጅቷ የለችም?» ሆነ ጥያቄው። ወንድሟ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አኮረፈ። በመጨረሻ ካሜራውን አስረከባትና እሱ ፊልም ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ገባ፤ እዚያው ቀረ።

«እንዴት አድርገሽ ነው?» ሲሏት መልስ አልነበራትም። ሰውየው ገና ከበሩ ሲገባ ብርሃኑ የቱ ጋ ቢያርፍለት እንደሚያምር ይታያታል፣ እጇ ይሄዳል፣ አለቀ። ሰው ይህን ሲሰማ «መታደል ነው» ይላል። ለእሷ ግን የፍርሃቷ ሁሉ መነሻ ይኸው ነበር። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ነገር መቼ ጥሏት እንደሚሄድ በምን ታውቃለች? ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ካሜራውን ሳታነሳ ትቆያለች። ዛሬ ባይመጣስ? ወንድሟ ቢጠፋበት የተማረውን ያስታውሳል፤ እሷ ምኗን ታስታውስ? አንዴ ይህን ለባሏ ገረፍ አድርጋ ብታነሳለት፣ ሹፌር ነውና፣ «እኔም መንገድ ላይ መንዳት ቢጠፋብኝስ ብዬ ብፈራ ኖሮ ይሄኔ ቤት ተቀምጬ ሽንኩርት እልጥልሽ ነበር» ብሎ ሳቀባት። አብራው ሳቀች። አንተ እኮ ተምረህ፣ ተፈትነህ ነው ያለፍከው ልትለው ፈልጋ ዋጥ አደረገችው።

ቆይቶ ስልኩ ሁሉ ካሜራ ሆነና ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው ጠፋ። ወንድሟ ቤቱን የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አደረገው፤ እሷም ለሠርግና ለልደት በሰው በሰው የምትጠራ ብቻ ሆነች። ሆስፒታሉ የቃጠሎ ታካሚዎችን ቁስል የሚያነሳ ባለሙያ እንደሚፈልግ ወሬውን ያመጣላት ባሏ ነው። አልበሟን ታቅፋ ሄደች። የአስተዳደር ኃላፊዋ ገጽ በገለጡ ቁጥር «ውይ! ውይ!» ይላሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት ሸበቶው የፎቶ ክፍል ኃላፊ ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዩና አልበሙን ከደኑት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ቁስል ግን ቆንጆ አይደለም።» ቀና ብለው አዩዋት። «የት ነው የተማርሽው?»

«ፎቶ ቤት» አለች። 

ሌላ አልጠየቋትም። ሥራው ተሰጣት።

የፎቶ ክፍሉ ከመተላለፊያው ጫፍ፣ የሕሙማን ጋሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ ከታካሚው ጀርባ የሚንጠለጠለው ጨርቅ ግራጫ። በግራና በቀኝ ሁለት መብራቶች ከመሬት ተነስተው ቆመዋል፤ ወለሉ ላይ የወንበሩ እግሮችና የካሜራው መቆሚያ የሚያርፉበት ቦታ በቢጫ ፕላስተር ተለጥፎ ምልክት ተደርጎበታል። ከዚያ ምልክት ውልፍት የለም። ከመመርመሪያው አልጋ ወዲያ አንድ ረጅም መስኮት አለ፤ መጋረጃው ግን ሁልጊዜ ዝግ ነው። በመጋረጃው ክፍተት ሾልኮ የሚገባውን የጠዋት ጨረር አስዋቢ ባየች ቁጥር እጇን ይበላታል።

ኃላፊውን ነርሶቹ «ጋሽ ማስመሪያ» ይሏቸዋል። የነጭ ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ አንዲት አጭር ማስመሪያ አለች፤ ከማንኛውም ቁስል ጎን ያቺን ማስመሪያ ሳያስቀምጡ አያነሱም። ከዚያ በፊት ደግሞ ግራጫ ካርድ ያነሳሉ፤ ቀለሙ ሳይዛባ መውጣቱን የሚያመሳክሩት በሱ ነው። ሙያውን ለዓመታት ተምረዋል፤ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ ግን ራሳቸው አንስተውት፣ የልጅቷ ቆብ ለሁለት ተቆርጦ አንድ እግሯም የለም። ነርሶቹ «ጋሼ፣ ልጅዎን ሲያነሱ ማስመሪያዎን ረስተው ነው መሰለኝ» እያሉ ይሥቁባቸዋል። እሳቸውም አብረው ይሥቃሉ።

አስዋቢ ግን ከሳቸው ጋር መሣቅ አልቻለችም። የጫማቸው ድምፅ መተላለፊያው ላይ ሲሰማ ላብ ያጠምቃታል። «የሌንሱ ቀዳዳ ስንት ላይ ነው?» ይሏታል። ወይም «ርቀቱን ለክተሻል?» ይላሉ። የካሜራው ቁጥሮች ለእሷ ከዚያ በፊት ጌጥ ነበሩ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቀለበቱን ያሽከረከረችው በስሜት ነው። ስለዚህ እሳቸው ትተውት የሄዱትን ቁጥር ሳትነካ ታነሳለች፣ ሲጠይቋትም ያንኑ ትደግማለች። ሲያፈጡባት አወቁብኝ ትላለች። ማታ ባሏ «እንዴት ዋልሽ?» ሲላት «ዛሬም አላወቁብኝም» ነበር በሆዷ የምትለው።

አንድ ዓርብ ጋሽ ማስመሪያ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሄደው ክፍሉን ብቻዋን ያዘች።

ያን ዕለት ጠዋት ተረኛዋ ሲስተር አንዲት ልብስ ሰፊ በጋሪ እየገፋች አመጣችላት። ሴትየዋ ጎልማሳ፣ ወፍራም፣ ጨዋታ የምትወድ ናት። ከሳምንታት በፊት በእንፋሎት የሚሠራው የልብስ መተኮሻ ማሽን ቀኝ እጇ ላይ ተዘግቶባት፣ ከእጅ አንጓዋ እስከ ጣቶቿ ድረስ አቃጥሏታል። ከጭኗ ቆዳ ተነስቶ እጇ ላይ ተተክሎላት ነበር። የተከለላት ቀዶ ሐኪም በሳምንት አንዴ ነው ከሌላ ከተማ የሚመጣው፤ በመሃል ፎቶ ይላክለታል፣ አይቶ ያዛል።

ሲስተሯ አልጋው ላይ አስቀመጠቻትና፣ ፋሻውን ፈታ «ስትጨርሺ ጥሪኝ» ብላ ወጣች።

«አስዋቢ የምትባዪው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የአክስቴን ልጅ ሠርግ ያነሳሽው አንቺ ነሻ! ያቺን ጠማማ እንኳ ሰው አድርገሻት የለ!»

አስዋቢ ሣቅ አለች። ክፍሉ ውስጥ ስትሥቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እንግዲያው እኔንም አሳምሪኝ። ልጄ ሩቅ አገር ናት፤ ፎቶውን ላኪልኝ እያለች ወጥራ ይዛኛለች። እንዲህ ሆኖ ካየችው ሥራዋን ጥላ ነው የምትመጣው።» ፊቷን ከእጇ አዞረች። «እኔም ብሆን አላየሁትም። ሲፈቱት ዓይኔን እጨፍናለሁ። እጄ ነው እኮ የኔ ነገር።»

አንጀቷን በላቻት። «እሺ እትዬ፣ ችግር የለም» አለች አስዋቢና ወደ መስኮቱ ሄደች። መጋረጃውን ከፈተችው። የጠዋቱ ብርሃን እንደ ወተት አልጋው ላይ ፈሰሰ። መብራቶቹን አጠፋች። ግራጫው ካርድ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ ማስመሪያዋንም አላነሳቻትም። ካሜራውን ከመቆሚያው ነቅላ በእጇ ያዘች፣ ከቢጫው ምልክት ወጣች፣ ጎንበስ አለች። የሴትየዋን ክንድ በቀስታ አዞረችው። ከትንሿ ጣት ሥር፣ ከመዳፉ ጠርዝ ላይ፣ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ አረፈና ቆም አለ። እጇ ግን ቀደመው፤ ያ ጠርዝ ወደ ጥላው እንዲገባ ክንዱን ትንሽ ገፋ አደረገችና ማንሻውን ተጫነች።

ፎቶውን ስታየው ልቧ ሞላ። ይህን ክፍል ከረገጠች ወዲህ የራሷ የሆነ ፎቶ አንስታ አታውቅም። ቁስሉ አለ፣ አልጠፋም፤ ግን ሞቅ ባለ ብርሃን ውስጥ ለስልሶ የተኛ፣ የዳነ እጅ ይመስላል። ለልብስ ሰፊዋ ብታሳያት «እሰይ!» ብላ በግራ እጇ አቀፈቻት።

ለቀዶ ሐኪሙም ያው ተላከ። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። ሲስተሯ «ዶክተር ደስ ብሎታል፤ በጣም ጥሩ ይዟል፣ እኔ እስክመጣ ፋሻው አይነካ ብሏል» አለቻት። አስዋቢ ያን ቀን በሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ቀና ብላ ሄደች።

በማግስቱ የእረፍት ቀኗ ነበር። ጎረቤቷ የልጇን የልደት ፎቶ ልታስነሳ ልጅቷን አልብሳ አመጣቻት። ልጅቷ ከደረጃ ወድቃ ግንባሯ አብጧል፤ እብጠቱ ዙሪያውን ጠይሞ ወይን ጠጅ መስሏል።

«ምን ይሻለኛል፣ በዛሬ ቀን!» ትላለች እናቷ።

«አይታይም» አለች አስዋቢ። የሳሎኗን መጋረጃ በአንድ እጇ ሰብሰብ፣ የልጅቷን አገጭ በሌላው እጇ ዞር አደረገች። እብጠቱ ጥላው ውስጥ ገባ። ጠፋ።

«አንቺ አስማተኛ! የት ሄደ?» አለች እናትየው።

አስዋቢ እጇ መጋረጃው ላይ እንዳለ ድርቅ አለች። ይህንኑ እንቅስቃሴ፣ ይህችኑ ገፋ ማድረግ፣ ትናንት አድርጋዋለች። ያኔስ የደበቀችው ምን ነበር? ከትንሿ ጣት ሥር የነበረው ቀለም ዓይኗ ላይ መጣ። የተተከለው ቆዳ ሌላው ሁሉ ፈካ ያለ ነው፤ ያ ጠርዝ ብቻ ጠይሞ ነበር። ወይን ጠጅ። እንደዚህችው ልጅ ግንባር። ደግሞ አላየሁትም እንዳትል፣ አይታዋለች። ዓይኗ እዚያ ላይ ቆሟል። ልክ የሙሽራ አፍንጫ ወይም የሙሽራ ጥርስ ላይ እንደሚቆመው፣ የሚሸፈን ነገር ሲያገኝ እንደሚቆመው ቆመና፣ እጇ የለመደውን ሠራ።

 ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለች ጎረቤቷ።

«ይቅርታ፣ ሌላ ቀን። ሌላ ቀን አነሳታለሁ።»

ባሏ ከሌሊት ተራው ገብቶ ቁርሱን እየበላ ነበር። «ተነስ፣ ሆስፒታል አድርሰኝ» ስትለው ፊቷን አይቶ አልጠየቃትም፤ የጎረሰውን ሳያላምጥ ቁልፉን አነሳ። መንገድ ላይ ግን ለራሷ ብዙ ነገር አወራች። ምናልባት ጥላ ነው። ምናልባት ቀለሙ እንደዚያ መሆን አለበት። እኔ ምን አውቃለሁ? ሐኪም ነኝ? ዶክተሩ ጥሩ ይዟል ብሏል። ሄጄ ብናገር፣ አለመማሬ ይታወቃል፣ እባረራለሁ፤ ምንም ሳይሆን ደግሞ ሴትየዋን አሸብራለሁ። ከሆስፒታሉ በር ሲደርሱ «ተወው፣ እንመለስ» ልትለው አፏን ከፈተች።  ባሏ ግን ቀድሟት ወርዶ በሩን ከፈተላት።

ልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ትናንት ያ ሁሉ ጨዋታ የነበራት ሴት ዛሬ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ግንባሯን ብትነካት እንደ ምጣድ ይፋጃል።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው» አለች ሲስተሯ። «ለተረኛው ሐኪም ነግሬያለሁ። ጉንፋን ይሆናል፣ ቁስሉ በፎቶ ታይቷል፣ ደህና ነው አለ። ፋሻው እንዳይነካ ታዟል።»

አስዋቢ ወደ መተላለፊያው ወጥታ ስልኳን አወጣች። ተሳስታ ሁለቴ ሌላ ሰው ጋ ደወለች። በመጨረሻ ጋሽ ማስመሪያ አነሱ፤ በተነቀለው ጥርሳቸው ምክንያት ድምፃቸው ጥጥ የጎረሱ ይመስላል።

«ጋሼ፣ የትናንቱ ፎቶ… አሳምሬ ነው ያነሳሁት። መጋረጃውን ከፍቼ። ማስመሪያ የለውም፣ ካርድም የለውም። ከትንሿ ጣት ሥር ጠይሞ ነበር። ጥላ ውስጥ አስገባሁት።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲገፋ ተሰማት።

«አይተሽው ነው?»

«አይቼዋለሁ።»

«ካሜራውን አውጪና መቆሚያው ላይ አድርጊ። መጣሁ።»

በቤት ሹራባቸው፣ ጉንጫቸው አብጦ መጡ። ልብስ ሰፊዋን በጋሪ ወደ ፎቶ ክፍሉ አስገፍተው ተረኛውን ሐኪም ጠሩት። ወጣት ነው፣ ሲጠራ ደግሞ የመጨረሻውን ታካሚ ጥሎ ነው የመጣው፤ ተቆጥቷል።

«ጋሼ፣ ቀዶ ሐኪሙ ፋሻው አይነካ ብለዋል። ፎቶውን አይተው ነው ያዘዙት። እኔ በማን ሥልጣን ነው የምከፍተው?»

«ፎቶው ውሸት ነው» አሉ ጋሽ ማስመሪያ።

«ማለት?»

«ከኔ ክፍል የወጣ ፎቶ ነው፤ ውሸት ነው የምልህም እኔው ነኝ። ያዘዘው እጁን አይቶ አይደለም። ክፈተውና ድጋሚ ይታይ። ቢቆጣ እኔን ይቆጣ።»

ወጣቱ ሐኪም አንዴ እሳቸውን አንዴ አስዋቢን አየ። አስዋቢ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።  በመጨረሻ ሐኪሙ ለሲስተሯ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጣት።

የመጨረሻው የፋሻ ድርብ ሳይነሳ ሽታው ቀድሞ መጣ።  ሐኪሙ ትንፋሹን ሳብ አደረገ። የመዳፉ ጠርዝ ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ ወደ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች እየወጣ፣ ዙሪያው አብጦ ያብለጨልጫል። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን እንደጨፈነች «ምን ሆነ? ለምን ዝም አላችሁ?» አለች። «ተናገሩ እንጂ!»

«አንሺው» አሉ ጋሽ ማስመሪያ።

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ጋሼ። እርስዎ…»

«መቆሚያው ምን ሊሠራ ነው የቆመው? ያንቺን እጅ ማን ፈለገ? ካርዱን አስቀምጪ።»

መብራቶቹን አበራች፣ ካርዱን አስቀምጣ ፎቶውን አነሳች። ማስመሪያዋን ከቁስሉ ጎን አደረገች፤ ሁለቴ ከእጇ ወደቀችባት። መጋረጃው ተዘግቶ እንደሆነ ዞራ አየች። የሌንሱ ቀዳዳ ስንት ላይ እንደሆነ ሳይጠይቋት ጮክ ብላ ተናገረች። እሳቸውም «ትክክል» አሉ። ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ የመጣው ፎቶ የሥጋ ቤት ቁራጭ ይመስላል። የተደበቀ ነገር ግን አልነበረውም፤ ጥቁሩ ከየት ጀምሮ የት እንደደረሰ በማስመሪያዋ ላይ ይቆጠራል።

ቀዶ ሐኪሙ ፎቶው በደረሰው ቅጽበት ደወለ። በስልኩ ውስጥ ሲጮህ እዚያ ድረስ ተሰማ። እሱ እስኪደርስ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ክፍል አስገብተው እንዲያጸዱት አዘዘ። ጋሪው እየተንኳኳ በመተላለፊያው ሄደ።

አስዋቢና ጋሽ ማስመሪያ ከቀዶ ጥገናው በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች። አንድ ጊዜ ነርስ እየሮጠች ወጥታ እየሮጠች ተመለሰች፤ ምን ልታመጣ እንደሄደች አስዋቢ መጠየቅ ፈርታ ዓይኗን ጨፈነች። እጁን ሊቆርጡት ይሆን? ከእጅ አንጓ ነው? ከክርን?

«አልተማርኩም ጋሼ» አለች ድንገት። «የትም አልተማርኩም። ፎቶ ቤት ያልኩት ወለል ስጠርግ የነበረበትን ነው።»

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ።»

ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔ ተሰጥኦ የለኝም» አሉ፣ ያበጠ ጉንጫቸውን በመሐረብ ይዘው። «ነርሶቹ የሚሥቁት ውሸታቸውን አይደለም። የተማርኩት ለዚያ ነው። ትናንት እኔ ብሆን ኖሮ ያንን ጠርዝ በዓይኔ አላየውም ነበር። አንድ ጊዜም ቢሆን አይቼ አላውቅም። ካርዱና ማስመሪያው ናቸው የሚያዩልኝ። አንቺ በባዶ ዓይንሽ አየሽው።» መሐረቡን አገላበጡት። «ያስፈራኝም ይኸው ነው። አይተሽ ነው የሸፈንሽው።»

አስዋቢ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እሳቸውም አላባበሏትም፤ ግን ተነስተውም አልሄዱም።

እጁ ተረፈ። የጠቆረው ቆዳ ተነስቶ ከቆየ በኋላ እንደገና ተተከለ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ግን ተኮማትረው ቀሩ፤ አይታጠፉም፣ አይዘረጉም። ልብስ ሰፊዋ ትኩሳቱ ሲለቃት አስዋቢ አልጋዋ ዘንድ ሄዳ፣ ማንም ሳይልካት፣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ሴትየዋ ብዙ አየቻት።

«እኔ ራሴ ለምኜሽ አልነበር?» አለች።

«አዎ፣ ግን…»

«እኔ አላውቅም። አንቺ ግን እዚያ የተቀመጥሽው ልታውቂ ነው።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ውጪልኝ አሁን።»

አስተዳደሩ ከሥራ አገዳት። ትባረር የሚሉ ነበሩ፤ ጋሽ ማስመሪያ ናቸው «ተምራ ትምጣ» ያሉት። ስለዚህ አስዋቢ በዚያ ዕድሜዋ ልጆቿ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ገባች። የብርሃን መጠን፣ የቀለም ሙቀት፣ የሌንስ ርቀት ተማረች። አስተማሪው በጠየቀ ቁጥር ብርክ ይይዛታል፤ ከፈተና በፊት ምግብ አይወርድላትም። ባሏ መኪና ውስጥ ቁጥሮቹን እያስጠናት፣ ቀይ መብራት ላይ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ቀዳዳው ሲጠብ ምን ይሆናል?» እያለ ይጮህባታል፤ ከጎናቸው የቆሙ ሾፌሮች ምን ጉድ ነው ብለው ያያሉ።

የፈራችው ነገር የመጣው ያኔ ነው። ለሠርግ ጠሯት፣ ሄደች፣ ለካች፣ አስተካከለች፣ አነሳች። ሙሽራዋ ፎቶውን አይታ መልሳ አስቀመጠችው፤ እናትየዋ ግን «ምነው ልጄን እንደ እስረኛ አነሳሻት?» አለቻት። እውነቷን ነበር። ሁሉም ነገር ልክ ነው፣ ሙሽራዋ ግን የለችበትም። የሚቀጥለውም እንደዚያው ሆነ። ብርሃኑ የቱ ጋ ቢያርፍ እንደሚያምር ሰው ሲገባ ይታያት የነበረው ነገር ጠፋ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ታየዋለች፣ ሰውየውም ያያታል፣ ምንም የለም። ለጋሽ ማስመሪያ ብትነግራቸው «ኖሮኝ ስለማያውቅ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አላውቅም» አሉ። ለወራት ሠርግ አልሄድም ብላ ቤቷ ተቀመጠች። በኋላ አንድ ቀን ባሏ መኪና ሲያጥብ ዝም ብላ አነሳችው፤ ፎቶው ጥሩ ሆነ። ለምን ጥሩ እንደሆነ ግማሹን ማስረዳት ትችላለች። ግማሹን ዛሬም አታውቀውም፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ነው የሚመጣላት።

ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ፎቶ ክፍሉ ተመለሰች። ልብስ ሰፊዋ ለክትትል ስትመጣ ግን «ሽማግሌው ያንሱኝ» ትል ነበር፤ አስዋቢ ከክፍሉ ትወጣላታለች። እንዲህ እየሆነ ብዙ ቆየ። አንድ ጊዜ ጋሽ ማስመሪያ ፈቃድ ላይ ሳሉ መጣች። በሩ ላይ ቆም አለች። ተመልሳ ልትሄድ ያሰበች መሰለች። ከዚያ ገብታ ተቀመጠችና እጇን ጠረጴዛው ላይ ከተነጠፈው ግራጫ ጨርቅ ላይ ዘረጋች።

«ሥራ ጀምሬያለሁ» አለች፣ ወደ አስዋቢ ሳታይ። «መርፌውን በሦስት ጣት እይዛለሁ። ቁልፍ መትከል ብቻ ነው እምቢ ያለኝ።»

አስዋቢ ካርዱን አነሳች፣ ማስመሪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየች። ዓይኗ ቆም አለ። የመዳፉ ጠርዝ ላይ፣ እንደገና፣ እዚያው ቦታ።  እጇ ወዴትም እንዳይሄድ ከጠረጴዛው ጋር አጣበቀችው።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ቀላ ብሏል» አለች። «አይቼዋለሁ። አሁን ዶክተሩን እጠራለሁ።»

የሴትየዋ ፊት አመድ መሰለ። «ምን? ምን አየሽ? እንደዚያኛው ነው?»

«አላውቅም እትዬ። ቀላ ያለ ነገር አይቻለሁ፣ ሌላ አላውቅም።»

ፎቶውን አነሳች፤ በጥላ ሳይሆን በሙሉ ብርሃን፣ ከማስመሪያዋ ጋር። በስልክ ዶክተር ጠራች። እስኪመጣ ድረስ ልብስ ሰፊዋ ግራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፣ አስዋቢም በሩን በሩን ታያለች። ሐኪሙ መጣ፣ ተጫነው፣ አገላበጠው፣ አሸተተው።

«ምን ላይ አስደግፈሽ ነው የምትሰፊው?» አለ።

«ጠረጴዛዬ ላይ።»

«ጠርዙ እየፈተገሽ ነው። ጨርቅ አልብሺው። ሌላ ምንም የለም።» ይህን ብሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። «ነፍሴን እኮ አወጣሻት! ምን ነው ዝም ብትዪ!» ብላ ጮኸችባት፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ እንኳን ተናገርሽ» አለች። ቀና ስትል አስዋቢ ከመቆሚያው አጠገብ የለችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ፈርቼ ነው እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነስታ መጣችና ከጎኗ ዘጭ አለች። አልጋው ላይ የተነጠፈው ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ሲስተሯ ቀጣዩን ታካሚ በጋሪ እየገፋች እስክትመጣ ድረስ ሁለቱ እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።